ቡና የተከለከለበት ማለዳ፦ የናይሮቢ ማስታወሻ

እሑድ ማታ፣ ኢስሊ

አጎቴ ቤት እንደገባሁ ዓይኔ ያረፈው ረከቦቱ ላይ ነው። ሲኒዎቹ ተደፍተዋል፤ ጀበናው ጥግ ይዟል፤ ከሰሉ አልተያያዘም። ኢስሊ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ሲኖሩ እንግዳ መጥቶ ቡና ያልተፈላበት ማታ ይኼ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

"ከልክለውኝ ነው ልጄ" አሉኝ የሆስፒታሉን ወረቀት እየዘረጉ። ከምርመራው በፊት ለ12 ሰዓት ቡና፣ ሻይና ኮካ ኮላ አይወሰድም ይላል። "ቡና የእንቅልፍ ጠላት ነው ሲባል ሰምቻለሁ፤ የፎቶ ጠላት ነው ሲባል ግን ገና አሁን ሰማሁ።"

ቀልዳቸው ከእውነቱ አይርቅም። ነገ የሚነሱት ፎቶ የልብ ደም ሥሮችን የሚያሳይ ሲቲ ስካን ነው። ዳገት ሲወጡ ደረታቸውን ጨምድዶ የሚይዛቸው ነገር ወራት አስቆጥሯል፤ ሐኪማቸውም የልብዎን ደም ሥሮች ሳላይ መድኃኒት አልጽፍም ብሏቸዋል። ይህንኑ ምርመራ ከሁለት ዓመት በፊት በሌላ ከተማ አንድ ጊዜ ተነስተውት ነበር። ያኔ ቡና የከለከላቸው፣ የልብ ምታቸውንም ቆሞ የቆጠረ ሰው አልነበረም። ምስሉ ደብዝዞ ወጣ። ሪፖርቱም "በልብ እንቅስቃሴ ምክንያት ለማንበብ አይመችም" ከማለት አላለፈም። ሲዲው እስከ ዛሬ በፌስታል ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል።

"ያኔ የገባው ጨረር እስካሁን ውስጤ አለ?" አሉኝ።

የለም። የራጅ ጨረር እንደ መብራት ነው፤ ማብሪያው ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። የሚያሳስበው ሲያልፍ በሕዋሳት ላይ የሚተወው ጭረት ነው። አብዛኛውን ሰውነት ራሱ ይጠግነዋል፤ ሳይጠገን የቀረው ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ካንሰር የመለወጥ ዕድል አለው። ዕድሉ ትንሽ ነው፤ መጠኑ ሲጨምር ግን አብሮ ይጨምራል ተብሎ ይታሰባል። ከመሬት፣ ከምንተነፍሰው አየርና ከሰማይም ጨረር ሳናቋርጥ እንቀበላለን፤ የዓለም አማካይ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት ነው። ዛሬ ከቦሌ ጆሞ ኬንያታ ድረስ የበረርኩበት ሁለት ሰዓት ገደማ እንኳ የራሱን ጥቂት ማይክሮሲቨርት ጨምሮብኛል። ከተማም ከፍ ባለ ቁጥር ከሰማይ የሚወርድበት ይበዛል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከናይሮቢ በ500 ሜትር ገደማ ትበልጣለች።

"እንግዲያው መሰደዴ ለአንድ ነገር ጠቅሞኛል" ብለው ተኙ። እኔ ሲዲውን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ሰኞ ማለዳ፣ ወደ ፓርክላንድስ

ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ደረቴን የሚመታው የራሴ ልብ ይሁን የድምፅ ማጉያው መለየት አቃተኝ። ረዳቱ የመኪናውን ጎን በመዳፉ እየደበደበ ይጣራል። አጎቴ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ እግራቸው ግን በሙዚቃው ልክ ይነቀነቃል። ቡና ለመከልከል የተጨነቁ ሰዎች ማታቱን መከልከል ረስተዋል አልኩ በልቤ።

ፓርክላንድስ ሆስፒታል በሆስፒታል ላይ የተደረደረበት ሠፈር ነው። ቀጠሯችን በወረቀቱ ላይ 8:00 ይላል፤ ካርድ ክፍል የተቀመጠችው ልጅ ግን ለአጎቴ በስዋሂሊ የነገረቻቸው "ሳ ምቢሊ" ብላ ነው፤ ሁለት ሰዓት። ስዋሂሊ ተናጋሪውም እንደኛ ቀኑን የሚቆጥረው ከንጋት ጀምሮ ነው። በባዕድ አገር ሰዓት አቆጣጠር እንደ ቤት ሲሆን ደስ ይላል።

የራጅ ባለሙያዋ አጎቴን "ምዜ" እያለች ነው የምታናግራቸው፤ እኛ "ጋሼ" እንደምንለው ነው። የልብ ምት የሚከታተል ሦስት የኢሲጂ ሽቦ ደረታቸው ላይ ለጠፈች። ስክሪኑ ላይ 84 የሚል ቁጥር መጣ። አንገቷን ነቀነቀች። ሐኪሙ ተጠርቶ አስም እንደሌለባቸው ጠየቀ፣ የደም ግፊታቸውን ለካ፣ የልብ ምት የሚያዘገይ የሜቶፕሮሎል ክኒን ሰጣቸው። ከዚያ ተቀመጡ ተባልን። አንድ ሰዓት ሙሉ።

"ማሽኑ እኮ ባዶ ነው፤ ለምን አይገቡም?" አልኳት።

"ሃራካ ሃራካ ሃይና ባራካ" አለችኝና ሳቀች። አጎቴ ቀና አሉ። ምሳሌውን ስዋሂሊ የሚናገር ሁሉ ያውቀዋል፤ ጥድፊያ በረከት የለውም ማለት ነው። እሳቸው ግን የሰሙት የመጨረሻውን ቃል ነበር። "ባራካ አለች? እኔ እኮ አቦሉም ቀርቶብኛል፤ ይቺ ስለ በረካ ታወራለች!"

ወንበሩ ላይ የተማርኩት

ባለሙያዋ በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ እየተመላለሰች የነገረችኝን ማታ ላይ በራሴ አገላለጽ ጻፍኩት።

ልብ አይቆምም፤ በየምቱ መካከል ግን ያርፋል። ዥዋዥዌ የሚጫወት ልጅ ጫፍ ላይ ሲደርስ ለቅጽበት ቀጥ እንደሚለው ማለት ነው። ጎበዝ ፎቶ አንሺ ያችን ቅጽበት ይጠብቃል። ምቱ በደቂቃ 60 ሲሆን ለአንዱ ምት አንድ ሙሉ ሰከንድ አለ፤ እረፍቱም ረዘም ይላል። 84 ሲሆን ግን ሰከንዱ ወደ 0.7 ይወርዳል፤ በዋናነት የሚቆረጠውም ከእረፍቱ ላይ ነው። የሲቲው ቀለበት ደግሞ በሰከንድ ሦስት ጊዜ ያህል እየዞረ፣ አንድ ምስል ለመሥራት የግማሽ ዙር ጊዜ ይፈልጋል። ልብ ከቸኮለች ቀለበቱ አይደርስባትም።

ድሮ ለዚህ የተገኘው መላ ጨረሩን ከመጀመሪያው ምት እስከ መጨረሻው ሳያጠፉ ማብራት ነበር። ከተሰበሰበው ውስጥ የእረፍቷ ቅጽበት ይመረጣል፤ ቀሪው ይጣላል። የተጣለው ግን በሰውየው ደረት ውስጥ አልፏል። አሁን የልብ ምቱ ረጋ ያለና የተስተካከለ ሲሆን ኢሲጂው ራሱ ማብሪያውን ይዞ፣ ልብ ስታርፍ ብቻ ያበራል፤ ስትንቀሳቀስ ያጠፋል። ምቱ ፈጣን ወይም ዝብርቅርቅ ከሆነ ግን ባለሙያው ይፈራና ወደ ድሮው መላ ይመለሳል። ለካስ ቡናው የተከለከለው ለዚህ ነው፤ ክኒኑም፣ ያ ረጅም ሰዓትም።

"ትልቁ ቁጠባ እዚህ ወንበር ላይ ነው ያለው" አለችኝ። "ሰው ማሽን ስንገዛ ያጨበጭባል። ለወንበሩ ግን ማንም አያጨበጭብም።"

ሲዲውን ሰጠኋት። ከምስሎቹ ኋላ ማንም የማይከፍተው አንድ ገጽ አለ፤ የጨረሩ ሒሳብ የሚጻፍበት። ቁጥሩ 1,140 ይላል። ሒሳቡ መርካቶ ጨርቅ እንደ መግዛት ነው፤ የአንዱ ሜትር ዋጋ በርዝመቱ ይባዛል። የአንዱ ቁራጭ ጨረር በሚሊግሬይ፣ የታየው ርዝመት በሴንቲሜትር ይለካና ብዜቱ የምርመራው ጠቅላላ ይሆናል። ለደረት በተለመደው መመንዘሪያ፣ በ0.014፣ ሲባዛ ወደ 16 ሚሊሲቨርት ይጠጋል፤ ስድስት ዓመት ከተፈጥሮ የምንቀበለውን የሚበልጥ። የከፋው ግን ምስሉ ለምንም አለመብቃቱ ነው። ባለሙያዋ ሲዲውን እያወጣች "ጥያቄ ያልመለሰ ምስል ትንሹም ብዙ ነው" አለች። እኛ አገር የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። የፈሰሰ እህል ይለቀማል፤ የፈሰሰ ጨረር ግን አይለቀምም።

ማሽኑ ውስጥ

በሦስት ሰዓት ከሩብ ምታቸው 59 ሆነ። አጎቴ ጋውናቸውን ለብሰው ጠረጴዛው ላይ ተጋደሙ፤ ካኑላ ተተከለላቸው፤ ደም ሥሮቹ እንዲሰፉ ምላሳቸው ሥር መድኃኒት ተረጨ። እኔ ከመስታወቱ ኋላ ባለሙያዋ ቁጥር ስትነካካ አያለሁ።

መጀመሪያ ርዝመቱን ቆረጠች። ከደረት ጫፍ እስከ ሆድ አይደለም፤ የአየር ቧንቧው ለሁለት ከሚከፈልበት ዝቅ ብሎ ልብ እስከምታልቅበት፣ አንድ ስንዝር ያልሞላ። እያንዳንዷ ሴንቲሜትር ሒሳብ ናት። ቀጥላ የጨረሩን ጉልበት ከ120 ወደ 100 ኪሎቮልት አወረደች፤ አጎቴ ቀጭን ናቸው። ይኼ ብቻውን ከመጠኑ ሲሶውን ገደማ ያስቀራል። ምስሉ አይጎዳም ወይ? እዚህ ላይ ተፈጥሮ ራሷ ታግዛለች። በደም ሥር የሚሰጠው ማቅለሚያ አዮዲን ነው፤ አዮዲን ደግሞ ጉልበቱ ዝቅ ያለውን ጨረር አብልጦ ስለሚውጥ ደም ሥሩ ይበልጥ ደምቆ ይታያል። ወፍራም ሰው ላይ ግን ይህን ቁጠባ ያለ ቦታው ማድረግ ምስሉን ያበላሸዋል። አጎቴ ላይ የሠራው ለጎረቤታቸው አይሠራም።

ጨረር ሲቀነስ የሚመጣው ዕዳ ባለሙያዎቹ "ኖይዝ" የሚሉት ነው፤ ምስሉ ላይ አሸዋ የተነፋበት ይመስላል። ሒሳቡ ግን ከምንፈራው ይልቅ ለዘብ ያለ ነው። ጨረሩ በግማሽ ሲቀነስ አሸዋው እጥፍ አይሆንም፤ በ41 በመቶ ገደማ ነው የሚጨምረው። እጥፍ የሚሆነው ጨረሩ ወደ ሩብ ሲወርድ ነው። በአንጻሩ አሸዋውን በግማሽ ለመቀነስ ብለን የምንከፍለው የጨረር ዋጋ አራት እጥፍ ነው። ለዓይን የሚያምር ምስል ውድ ምስል ነው። ዛሬ አሸዋውን ኮምፒውተሩ በኋላ ያበጥረዋል፤ ምስሉን ደጋግሞ እያስተካከለ፣ አዳዲሶቹ ደግሞ ከብዙ ሺህ ምስል የተማሩትን እየተጠቀሙ። ማበጠሩ ከመጠን ካለፈ ግን ደም ሥሩ እንደ ፕላስቲክ ይለሰልሳል፤ ከግድግዳው ላይ ያለች ትንሽ የስብ ጥርቅምም አብራ ትበጠራለች።

"ቩታ ፑምዚ" አለ ድምፅ ማጉያው፤ ትንፋሽ ይሳቡ። "ሺኪሊያ"፤ ይያዙ። ቀለበቱ ጮኸ። ወደ አስር እንኳ ሳልቆጥር አለቀ።

አጎቴ ሲወጡ "አዮዲኑ ሲገባ ከጉሮሮዬ እስከ እግሬ እንደ አረቄ ሞቀኝ፤ ከጠዋት ጀምሮ የቀመስኩት ደግ ነገር እሱ ብቻ ነው" አሉ።

ቁጥሩን ጠየቅኳት። 168። ወደ ሚሊሲቨርት ሲመነዘር 2.4 አካባቢ ይሆናል፤ ትናንት ማታ የነገርኳቸው የአንድ ዓመት የተፈጥሮ ጨረር ማለት ነው። ማስታወሻዬ ላይ ከማታቱው ዋጋ ጎን ጻፍኩት።

"ለምዜ ብዬ ብቻ አይደለም እንዲህ የምጠነቀቀው" አለችኝ ስንሰናበት። "በእሳቸው ዕድሜ ስጋቱ ትንሽ ነው። ነገ ግን የሠላሳ ዓመት እናት ትመጣለች፤ ጡቷ በጨረሩ መንገድ ላይ ነው ያለው። እጄ ዛሬ ያልለመደውን ነገ አያደርገውም።"

ማክሰኞ፣ አፐር ሂል

ውጤቱ ነገ ስለሆነ ዛሬ ብቻዬን ወጣሁ። አፐር ሂል ላይ የኬንያታ ብሔራዊ ሆስፒታል አጥር ሥር ቆምኩ። በ1901 እ.ኤ.አ. 40 አልጋ ይዞ የተከፈተ፣ በቅኝ ግዛት ዘመን የእንግሊዝ ንጉሥ ስም የተሰጠው፣ ከነፃነት በኋላ የዛሬውን ስሙን ያገኘ ቦታ ነው። በሩ ላይ የተሰለፈው ሕዝብ ጥቁር አንበሳን አስታወሰኝ። እዚህ ሰልፍ ላይ ከቆሙት የልብ ታማሚዎች ብዙዎቹ፣ በተለይ ወጣቶቹ፣ ሲቲ አያስፈልጋቸውም። እንደኛው አገር ሁሉ የልጅነት ጉሮሮ ሕመም ትቶት የሚሄደው የልብ በር ጉዳት የሚታየው በአልትራሳውንድ ነው፤ እሱም ምንም ጨረር የለውም። ከሁሉ የሚያንሰው መጠን ያልታዘዘ ምርመራ መጠን ነው።

የሚያስፈልገው ሰው ግን ፈርቶ እንዳይቀር። በስኮትላንድ 4,146 የደረት ሕመምተኞችን ያሳተፈና ውጤቱ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ ከተለመደው ሕክምና ጋር ይህ ሲቲ ከተጨመረላቸው ውስጥ በአምስት ዓመት በልብ ደም ሥር ሕመም የሞቱት ወይም ሃርት አታክ የደረሰባቸው 2.3 በመቶ ሲሆኑ፣ ካልተጨመረላቸው ውስጥ 3.9 በመቶ ነበሩ።

ናይሮቢ በዚህ ጉዳይ ባዕድ አይደለችም። በ2015 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ የራዲዮሎጂ ባለሙያዎች እዚህ ተሰብስበው "አፍሮሴፍ" የተባለውን የጨረር ጥንቃቄ ዘመቻ አስጀምረዋል። ኬንያ በ1982 እ.ኤ.አ. ያወጣችውን የጨረር መከላከያ ሕግ በ2019 እ.ኤ.አ. በአዲስ ተክታ የኒውክሌር ቁጥጥር ባለሥልጣን አቋቁማለች። ተመራማሪዎቿም የአገሪቱን ሲቲ ክፍሎች መጠን ለክተው ብሔራዊ ማመሳከሪያ አውጥተዋል። ማመሳከሪያው ቅጣት አይደለም። ከአራቱ የሦስቱ ክፍሎች መጠን የማያልፈው ቁጥር ይቀመጥና ከዚያ በላይ የተገኘው "እኔ ለምን በዛብኝ?" ብሎ ራሱን ይጠይቃል። እኛም በ1993 እ.ኤ.አ. የጨረራ መከላከያ ባለሥልጣን በአዋጅ ያቋቋምን ሕዝብ ነን፤ ጥያቄው ግን ከአዋጅ ወርዶ መቆጣጠሪያው ፊት የተቀመጠችው ባለሙያ ጋ መድረስ አለበት።

ለምን እዚያ? ምክንያቱን ሁለት ቁጥሮች ይነግሩናል። በ2007 እ.ኤ.አ. በ50 ማዕከላት በተሰበሰበ መረጃ፣ የልብ ደም ሥር ሲቲ መካከለኛ የጨረር ቁጥር 885 ነበር። ከአስር ዓመት በኋላ በ32 አገሮች 61 ሆስፒታሎች ሲለካ 195 ሆነ። 78 በመቶ ወረደ፤ ለማንበብ የማይመቹ ምስሎች ግን አልበዙም። ይኼ የሳይንሱ ድል ነው። በዚያው ጥናት ውስጥ ግን ትንሹን በሚሰጠውና ብዙውን በሚሰጠው ሆስፒታል መካከል 37 እጥፍ ልዩነት ተገኘ። ይህን ሁሉ ልዩነት የታካሚዎች ክብደትና የማሽን ዕድሜ ብቻውን አይፈጥረውም። ወንበሩም አለበት።

ሲቲ ስካን ራሱ ከአፍሪካ መሬት የተነካካ መሆኑን ያስታወስኩት ወደ ቤት ስመለስ ነው። የሒሳቡን መሠረት ከጣሉት አንዱ አለን ኮርማክ ጆሃንስበርግ የተወለደ ሲሆን በ1956 እ.ኤ.አ. ኬፕ ታውን ግሩት ስኩር ሆስፒታል ውስጥ በትርፍ ጊዜ ሠራተኝነት የጨረር አጠቃቀም ይቆጣጠር ነበር። ጥያቄው ቀላል ነበር፦ ጨረር በሰውነት ውስጥ ሲያልፍ የትኛው ቦታ ምን ያህል እንደዋጠው እንዴት ይታወቃል? በ1979 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዛዊው ሃውንስፊልድ ጋር ኖቤል ያስገኘለት ይኸው ጥያቄ ነው። የጨረር ጠባቂነትና የምስል ጥራት ከመነሻው በአንድ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር ማለት ነው።

ረቡዕ፣ ሳ ታቱ (ሦስት ሰዓት)

ሐኪሙ ምስሉን ስክሪን ላይ ከፈተልን። ከሁለት ዓመት በፊት ከነበረው ጋር ጎን ለጎን አስቀመጠው። የድሮው ጥቁሩና ነጩ ጥርት ያለ፣ አሸዋ የሌለበት ነው፤ ደም ሥሩ ግን ሁለት ሦስት ሆኖ እንደ ጥላ ይታያል። አዲሱ ስስ አሸዋ አለበት፤ ደም ሥሩ ግን አንድ ነው፤ ከሥር እስከ ጫፍ ይከተሉታል። በአንዱ ደም ሥር ግድግዳ ላይ ትንሽ ጥርቅም አለ፤ መንገድ የሚዘጋ አይደለም። ቱቦ ማስገባት አያስፈልግም፤ የኮሌስትሮል መድኃኒትና በቀን አንድ ሰዓት እርምጃ ታዘዘላቸው።

ሪፖርቱ ላይ ያ 168 አልተጻፈም። እንዲጻፍልን ጠየቅኩ፤ ሐኪሙ ብዕር አንስቶ በጠርዙ ላይ ጻፈው። ከእንግዲህ ሌላ ቦታ ቢነሱ ወረቀቱ አብሯቸው ይሄዳል። አጎቴ የድሮውን ሲዲ ከቦርሳዬ አስወጥተው "እሱንስ?" አሉ።

"እሱንም ይያዙት" አላቸው። "አንዱ ሌላውን ያስረዳል።"

ኢስሊ ስንደርስ ከሰሉ ተያያዘ። አቦሉን ዝም ብለው ጠጡ፤ ቶናውን ጎረቤት ጠርተው። በረካው ሲቀዳ ባለሙያዋ እንዳሳየቻቸው ሁለት ጣታቸውን አንጓቸው ላይ አሳርፈው የግድግዳውን ሰዓት እያዩ ቆጠሩ።

"ሰማንያ ስድስት" አሉ። "አሁን ብሄድላት ያቺ ልጅ ወንበር ትሰጠኝ ነበር።"